መቅዳትና መቅዳት

በቋንቋችን «መቅዳት» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ አለው። ከማሰሮ ወደ ዋንጫ ማንቆርቆርም መቅዳት ነው፤ በአንዱ ብራና ላይ ያለውን ወደ ሌላው መገልበጥም መቅዳት ነው። አንዲቱ ቃል ማድቤቱንና የጽሕፈት ክፍሉን በአንድነት የምታገለግለው በአጋጣሚ ይሁን በምክንያት፣ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ይመርምሩት። እኔን የገረመኝ ሁለቱም ድርጊቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚያስከትሉ መሆናቸው ነው። በመጀመሪያው ዕቃ የነበረው ወደ ሁለተኛው ከተላለፈ በኋላ ያው ነው ወይስ ሌላ? የቀዳውስ ሰው ባለዕዳ ነው ወይስ ባለሙያ?

ጥያቄው ለደራሲ፣ ለሠዓሊ፣ ለተውኔት አዘጋጅ አዲስ አይደለም። ይሁንና ኪነ ጥበብን በኪነ ጥበብ ብቻ ስንመዝን ክብራችንና ቅናታችን መኻል እየገቡ ሚዛኑን ያዛቡብናል። ስለዚህ ለጊዜው ከመድረኩና ከሸራው ራቅ ብለን አንድ ሌላ ሙያ እንመልከት። በአሜሪካና በአውሮፓ በየቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ እጅግ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም መካከል አዲስ ጣዕም ከመፈልሰፍ ይልቅ አንድ የወደዱትን ቢራ፣ በተለይም ከቤልጅግ ብርቱ ቢራዎች አንዱን፣ እንዳለ መልሰው ለማግኘት ወራትና ዓመታት የሚደክሙ ይገኛሉ። የድካማቸውን ውጤት «ክሎን» ይሉታል፤ ቃሉን የተዋሱት ከሥነ ሕይወት ሊቃውንት ነው። ቃሉ ትንሽ ይከብዳል። ድርጊቱ ግን እናቶቻችን የጎረቤትን ጠላ ቀምሰው «እጇ እንዴት ነው?» ከሚሉት ጉጉት ብዙም የራቀ አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚቀዳውን አንዱን እንውሰድ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በቤልጅግ ምዕራብ ፍላንደርስ፣ ሆፕስ የተባለው መራራ ተክል በሚበቅልበት በፖፐሪንገ አካባቢ፣ በ1831 የተመሠረተ የቅዱስ ሲክስቶስ ገዳም አለ። መነኮሳቱ ትራፒስት ከሚባለው ማኅበር ሲሆኑ ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቢራ ይጠምቃሉ። መንደሩ ቬስትፍሌተረን ስለሚባል ቢራውም በዚያው ስም ይጠራል። ከሚጠምቋቸው ሁሉ ብርቱው በ1940 የተጀመረው፣ «12» በሚል ቁጥር የሚታወቀው ጥቁር ቡናማ ቢራ ነው፤ የአልኮሉ መጠን 10.2 በመቶ ይደርሳል። ጠርሙሱ ለረጅም ዓመታት መለያ ወረቀት ሳይለጠፍበት በቆርኪው ቢጫነት ብቻ ሲለይ ኖሯል። ገዢ ለረጅም ጊዜ አስቀድሞ ቀጠሮ ይይዝ፣ በገዳሙ በር ተገኝቶ የተወሰነ መጠን ብቻ ይወስድ፣ መልሶ እንዳይሸጥም ይጠየቅ ነበር። በ2005 ይህ ቢራ የዓለም ምርጥ ተብሎ ወሬው በተነዛ ጊዜ የመኪናው ሰልፍ ከገዳሙ ደጅ ተነሥቶ መንገዱን ሞላው። መነኮሳቱ ግን ለሰልፉ ብለው ጥምቃቸውን አላበዙም። ከወትሮው ወጣ ብለው በ2011 በአገር ውስጥ መደብሮች፣ በ2012 ደግሞ በውጭ አገር የሸጡት የገዳማቸው ሕንፃ ይታደስ ዘንድ ገንዘብ ባስፈለጋቸው ጊዜ ነበር።

እንግዲህ የቅጅው ፍላጎት ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። በሩቅ አገር የሚኖር፣ አንድ ጊዜ የቀመሰ፣ ሁለተኛ የማያገኝ ሰው ምን ያድርግ? ወይ ይረሳል፤ ወይ ከመልሶ ሻጭ አሥር እጥፍ ከፍሎ ይገዛል፤ ወይ ራሱ ይጠምቃል። ከሦስቱ የመጨረሻው ከሁሉ የበለጠ ልፋት የሚጠይቀው መሆኑን ልብ ይሏል።

ልፋቱ ምን እንደሆነ በጥቂቱ ላስረዳ። ሃያ ሊትር ያህል ለመጥመቅ ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ የገብስ ብቅል ይከካል። በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚጠበቅ ሙቅ ውኃ አንድ ሰዓት ያህል ተዘፍዝፎ ይቆያል። በዚያ ሙቀት ብቅሉ በበቀለ ጊዜ ያፈራቸው ረቂቅ ኃይሎች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ሙቀቱ ቢበዛ ይሞታሉ፣ ቢያንስ ይሰንፋሉ። ከዚያ ጣፋጩ ፈሳሽ ይጠለላል፣ ከሆፕስ ጋር ይፈላል። እኛ ዘንድ ጌሾ የሚሠራውን የመምረርና የመጠበቅ ሥራ እነርሱ ዘንድ ሆፕስ ይሠራዋል። ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን፣ በእሳት ኃይል የጠቆረ የስኳር ሽሮፕም ይጨመርበታል። ከበረደ በኋላ እርሾው ይገባል። በ20 ዲግሪ ይጀምርና እርሾው በራሱ ሥራ እየሞቀ እስከ 28 ዲግሪ ድረስ ሲወጣ አይከለከልም። ጠላ የጠመቀች ሴት ድፍድፉ ሲንተከተክ ጋኑን በእጇ ዳብሳ የምታውቀውን ሙቀት እዚያ በመለኪያ ያነቡታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ገደማ በቅዝቃዜ መቆየት አለ፤ በጠርሙስ ውስጥ ሌላ መቆየት አለ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ቢራ አይቀዳም፤ በሁለቱም የቃሉ ትርጉም።

አሁን ለእኛ ሙያ የሚጠቅመው ነገር እዚህ ላይ ነው። የቤት ጠማቂዎች ለብዙ ጊዜ የዚህን ቢራ ጥቁረትና የደረቀ ፍሬ መዓዛ ባዩ ቁጥር ምክንያቱ ብቅሉ ነው ብለው አሰቡ። የተቆላ ብቅል፣ የካራሜል ብቅል፣ የቸኮሌት ቀለም ያለው ብቅል፣ ስድስት ሰባት ዓይነት እየደረደሩ ጠመቁ። የጠመቁት ጥቁር ሆነ፤ ወፍራምና ከባድ ሆነ፤ እርሱን ግን አልሆነም። በ2005 ስታን ሂየሮኒመስ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ የቤልጅግን ገዳማት ዞሮ ያየውን በመጽሐፍ ሲያወጣ ነገሩ ታወቀ። መነኮሳቱ የሚጠቀሙት ነጣ ያለ ብቅል ብቻ ነው። ጥቁረቱ ከስኳሩ፣ መዓዛው በአብዛኛው ከእርሾው ነው። ዋናው ከቅጅዎቹ ሁሉ ይልቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ።

ይህ በግጥምም፣ በተውኔትም፣ በሥዕልም የሚደርስ ነው። አንድ ታላቅ ባለቅኔን የሚከተል ወጣት በመጀመሪያ የሚቀዳው የላይኛውን ጥቁረት ነው፤ የከበዱትን ቃላት፣ የተሰባበሩትን ሐረጎች፣ የግእዙን ቅመም። ባለቅኔው ያን ጥላ ያገኘው ከነጭ ብቅል መሆኑን፣ ማለት ከተራው የሰው ንግግር መሆኑን አያይም፤ ሊያይም አይችልም፣ ውጤቱን እንጂ ሥራውን አልተመለከተምና። ሲሠራና ሲወድቅ ግን ያያል። ስድስት ዓይነት ብቅል የደረደረው ጠማቂ ዋናውን ከቀማሹ ሁሉ ይበልጥ ያወቀው ስላልተሳካለት ነው። መምህራን ተማሪን «አትቅዳ» ብለን ስንገሥጽ ይህን በር እየዘጋንበት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ፕላቶ በ«ሪፑብሊክ» አሥረኛ መጽሐፍ ስለ ሦስት አልጋዎች ይናገራል። አንደኛው አምላክ ያሰበው የአልጋ ሐሳብ፣ ሁለተኛው አናጢ የሠራው፣ ሦስተኛው ሠዓሊ የሣለው ነው። ሠዓሊው ከእውነት ሦስት ደረጃ የራቀ ስለሆነ ከከተማው ቢቆይ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም ይላል። ደቀ መዝሙሩ አርስቶትል ግን ሰው ከእንስሳት የሚለየው ለመቅዳት ባለው ዝንባሌ ነው፣ የመጀመሪያ ትምህርቱንም የሚያገኘው በዚሁ ነው ብሎ መልሷል። ቢራ ጠማቂውን ከሁለቱ በማን ሸንጎ እናቁመው? የቢራ ሥዕል ጥም አይቆርጥም፤ የቢራ ቅጅ ግን ቢራ ነው። ፕላቶ ቢመጣ እንኳ ይህን ሰው ከአናጢው ጎን ያስቀምጠዋል እንጂ ከሠዓሊው ጎን አያቆመውም። የቀዳው መልክን ሳይሆን አሠራርን ነውና።

በእኛ ዘመን አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 ባሳተመው «የኪነ ጥበብ ቋንቋዎች» በተባለ መጽሐፉ ሌላ መስመር አስምሯል። ሥዕል በሐሰት ሊሠራ ይችላል፤ ምንም ያህል ቢመሳሰል የሠዓሊው እጅ ካልነካው ሐሰተኛ ነው። ሙዚቃ ግን ኖታውን ጠብቆ እስከተጫወተው ድረስ ማንም ቢጫወተው እውነተኛ ነው፤ «የሐሰት ሲምፎኒ» የሚባል የለም። እንግዲህ ቢራ ወደየትኛው ያደላል? አሠራሩ እንደ ኖታ ነው፤ ይጻፋል፣ ይነበባል፣ ይደገማል። በዚህ በኩል ቅጅ ሐሰት ሊባል አይችልም። እርሾው ግን ኖታ አይደለም። ሕያው ነው፤ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት በእጅ ካልተሰጠ በጽሑፍ አይተላለፍም። ኖታው ቢጠፋ እርሾው፣ እርሾው ቢጠፋ ኖታው ብቻውን ያንን ቢራ አይመልስም። ፈላስፋው ይህን መጠጥ ቢያስብበት ኖሮ መስመሩ ትንሽ ይንቀጠቀጥበት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው የዚያው ገዳም ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት አበምኔቱ መነኮሳቱ በንግድ እንዳይጠመዱ ብለው ጥምቁ እንዲቀንስ አደረጉ። በ1946 በአቅራቢያው በዋቱ መንደር የአይብ ፋብሪካ ለነበረው ለኤቫሪስት ደኮኒንክ ቢራውን ጠምቆ በገዳሙ ስም እንዲሸጥ ፈቃድ ተሰጠው። የገዳሙ ጠማቂ የነበረው፣ በትውልዱ ፖላንዳዊ የሆነው ማትዩ ሻፍራንስኪም ወደ ዋቱ ሄደ፤ ሲሄድም አሠራሩንና እርሾውን ይዞ ሄደ። ፈቃዱ በ1992 አበቃ። የትራፒስት ቢራ ከገዳም ቅጥር ውጪ እንዳይጠመቅ ተወስኖ ነበርና አልታደሰም። የዋቱው ጠማቂ ቤት ግን ሥራውን አላቆመም፤ ያንኑ ቢራ «ሲንት ቤርናርዱስ» በሚል በራሱ ስም መጥመቁን ቀጠለ። ከ1946 ጀምሮ የተቀበለውን እርሾ እስከ ዛሬ ይዞታል። ገዳሙ በበኩሉ ዛሬ የሚጠቀመው ቬስትማለ ከሚባለው ሌላ ገዳም የሚመጣለትን እርሾ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ፍረድ። ከሁለቱ ዋናው የትኛው ነው? ስሙ፣ ቦታው፣ ጸሎቱና ቅጥሩ ያለው በገዳሙ ነው። የጥንቱ እርሾ የዘር ሐረግ ያለው በዋቱ ነው። ከቬስትማለ የወጣው የእርሾ ዘር ደግሞ በእርሾ አርቢ ድርጅቶች በኩል ለማንም ገዢ ስለሚሸጥ፣ በአሜሪካ በመኪና ማቆሚያ ቤቱ የሚጠምቀው ሰው በዚህ ረገድ ለዛሬው ገዳም ከዋቱው ይልቅ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ዋናውን ፈልገን ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የምናገኘው ሌላ መቅዳት ነው። ዛሬ ቤልጅጋዊነቱን ማንም የማይጠራጠረው «ዱቨል» የተባለው ብርቱ ቢራ እንኳ የተወለደው የብሪታንያን ቢራ ለመምሰል ከነበረ ፍላጎት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አልበርት ሞርትጋት ለዚሁ ሲል እስከ ስኮትላንድ ሄዶ እርሾ አምጥቷል። እንግሊዝን ሊመስል ተነሥቶ በ1923 «ሰይጣን» የሚል ትርጉም ያለው የፍላንደርስ ስም ወጣለት፤ ከዚያ ወዲህ እርሱን የሚመስሉ በየአገሩ ተጠመቁ። የመጀመሪያው ቅጅ የኋለኞቹ ዋና ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ዋና የሚባል ነገር ከሌለ ዕዳም የለም ልንል ነውን? እንዲህ የሚሉ አልጠፉም፤ እኔ ግን አልቀበላቸውም። ዕዳው አለ። የሚገኘው ግን በተለምዶ ከምንፈልገው ቦታ አይደለም። ቋንቋችን እዚህም አንድ ነገር ያመለክተናል። ጠላ ይጠመቃል፤ ሕፃንም ይጠመቃል፤ የተጠመቀ ሕፃን ደግሞ ስም ያገኛል። ጠማቂው ቀድቶ ከጠመቀ በኋላ ጠርሙሱን ምን ብሎ ይሰይመዋል? «የገዳሙን 12 ተከትዬ የጠመቅሁት» ብሎ ለወዳጁ ቢያቀርብ ማንም አልተጎዳም። «ይህ የገዳሙ 12 ነው» ብሎ ቢያቀርብ፣ ፈሳሹ በአንዲት ጠብታ እንኳ ሳይለይ፣ ዋሽቷል። በብዙ አገሮች ሕጉም በዚህ መስመር ላይ የቆመ ነው። የአሠራሩን ዝርዝር ማንም እንዲሞክረው ይተወዋል፤ ስሙን ግን ይጠብቃል። ሕጉ የሚጠብቀው የነጋዴውን ጥቅም ነው ቢባል ትክክል ነው። ከጥቅሙ በታች ግን ሌላ ነገር አለ።

ስም ቃል ኪዳን ነው። ትራፒስቶች የሚተዳደሩበት፣ በስድስተኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት በ57ኛው ምዕራፉ በገዳም ስለሚኖሩ ባለሙያዎች ይደነግጋል። ባለሙያው በትሕትና ይሥራ፤ ለገዳሙ ጥቅም አስገኛለሁ ብሎ የታበየ እንደሆነ ከሙያው ይነሣ፤ የሚሸጠውም ዕቃ ስስት እንዳይገባበት ዓለማውያን ከሚሸጡበት ጥቂት ዝቅ ባለ ዋጋ ይሸጥ ይላል። ሰልፉ መንገድ ሲሞላ ጥምቁን ያላበዙት በዚህ መንፈስ ነው። እንግዲህ በቢጫ ቆርኪ ሥር ያለው ብቅልና ስኳር ብቻ አይደለም፤ «ከሚበቃን በላይ አንጠምቅም» የሚል ውሳኔም አለበት። ብቅሉን የቀዳ ውሳኔውን አልቀዳም። ስሙን የወሰደ ግን ያልወሰነውን ውሳኔ የእኔ ነው ብሏል። ሌብነት ብዬ የምጠራው ይህን ነው።

ወደ መድረካችን እንመለስ። የተውኔት ታሪካችን ከመነሻው መቅዳት አለበት። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ የተነሡት ከፈረንሳዊው ከላፎንቴን ተረቶች ነው፤ ያነጣጠሩት ግን በገዛ ዘመናቸው አስተዳደር ላይ ነበር። ፀጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሀምሌት»ን በአማርኛ ሲያቆማቸው የሼክስፒርን ስም አልሸሸገም፤ የአማርኛው ጉልበት የማን እንደሆነ ደግሞ ማንም አልተሳሳተም። ቋንቋችን ለዚህ ሥራ ሁለት ሐቀኛ ስሞች አሉት፤ «ትርጉም» እና «ውርስ ትርጉም»። ሁለተኛው ስም ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ወራሽ ሌባ አይደለም፤ ነገር ግን አባቱን የሚክድ ወራሽ ውርሱን ያጣል። ይህ እያለ አንዳንድ ማስታወቂያ ላይ ሦስተኛ ስም እናያለን፤ «ድርሰት»። ገጸ ባሕርያቱ የአማርኛ ስም ወጥቶላቸዋል፤ ሳሎኑ የአዲስ አበባ ሳሎን ሆኗል፤ ታሪኩ፣ ትዕይንቱ፣ የመጋረጃው መውደቂያ ሳይቀር ከሌላ አገር ተውኔት ነው። ተመልካቹ ያጨበጭባል። ተዋንያኑም በእውነት ደክመዋል። «ሕዝቡ እስከተደሰተ ድረስ ምን ቸገረህ?» የሚለኝ የሙያ ባልደረባ አይጠፋም።

የሚቸግረኝ ይህ ነው። «ውርስ ትርጉም» ቢባል ኖሮ ዛሬ በአዳራሹ የተቀመጠ አንድ ወጣት ነገ ዋናውን ፈልጎ ያነብ ነበር፤ ከሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አጥንቶ አዘጋጁ የት ላይ እንደጨመረ፣ የት ላይ እንደተሸነፈ ይማር ነበር። «ድርሰት» ሲባል ያ መንገድ ተዘጋበት። የተሰረቀው ሩቅ አገር ያለው ደራሲ ብቻ አይደለም፤ እርሱማ ምናልባት ሞቷል። የተሰረቀው ወጣቱ ነው። የቤት ጠማቂዎቹ በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላሉ ለማለት እደፍራለሁ። የደከሙበትን አሠራር በዝርዝር ጽፈው ያካፍላሉ፤ ከየት እንደቀዱ፣ የቱ ላይ እንደቀየሩ፣ የቱ እንዳልተሳካላቸው ይናገራሉ። የሚሸጡት ነገር ስለሌላቸው ነው የሚል ይኖራል። ይሆናል። ግን የሚሸጥ ነገር መኖሩ ለመዋሸት ፈቃድ የሚሰጠው ከመቼ ወዲህ ነው?

አንድ ነገር ሳላነሣ ብቀር ለቅጅው አድልቻለሁ እባላለሁ። ጠማቂው ሁሉን ነገር በትክክል ቢያደርግ፣ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አቅርቦ ቀማሽ መለየት ቢሳነው፣ ሥራው አበቃ ማለት ነው? ብዙዎቹ እዚያ ደርሰው ይቆማሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ እዚያ ሲደርሱ ሌላ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ የትኛውን 12 ነው የቀዳሁት? በጠርሙሱ ውስጥ እርሾ ስላለ ቢራው አይቆምም። የስድስት ወሩ ስለታም ነው፤ የሦስት ዓመቱ ወደ ዘቢብና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ የአሥር ዓመቱ ሌላ ነው። በገዳሙ ምድር ቤትና በሩቅ አገር ቁም ሣጥን ያረጁ ሁለት ጠርሙሶችም በአንድ ዓመት ቢሞሉም አይመሳሰሉም። የሚቀዳው ነገር እየተጓዘ ነው፤ ቀጂውም የሚደርስበት ራሱ ተለውጦ ነው።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሽሮፑን ትንሽ ይቀንሳል፤ ሌላው ሆፕሱን በሠፈሩ በሚገኘው ይለውጣል። አንዳንዱ ብልህ ደግሞ ጠርሙሱን በዝግታ ቀድቶ ከሥሩ የቀረውን አተላ አይደፋም። ጥቂት የብቅል ውኃ አፍልቶ አብርዶ ይጨምርበታል፤ በሦስተኛው ቀን አረፋ ሲያነሣ ያያል። እርሾ የጠየቀችውን ጎረቤት ባዶ እጇን የማይመልስ ቤት ያደገ ሰው ያንን አረፋ ሲያይ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ከፍሎ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል፤ ሲሰጥም ከማን እንደተቀበለው ይነግረዋል።